ማይክሮዌቭና ሃሎጅን ባንድነት የሚሠሩበት ምድጃ የማብሰል ኃይሉን እንዴት ይመጥናል?

የነጋዴ ሥራ ዕቃን ከአንድ አገር አንሥቶ ወደ ሌላ አገር ማድረስ ብቻ አይደለም፤ የዕቃውን ጠባይ ዐውቆ ለገዢው በትክክል ማስረዳትም ከንግዱ ሥራ የሚቈጠር ነው። ቡናና ቅመም፣ ጨርቅና ጨው በሚሸጥበት ገበያ ሻጭም ገዢም ዕቃውን በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ዳስሰው፣ በአፍንጫቸው አሽትተው ስለሚስማሙ የሚያከራክር ነገር አይበዛም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ግን ሥራው በሽፋኑ ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ፣ ገዢው የሚያምነው ሻጩ የነገረውን ቃልና በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብቻ ነው። ያ ቃል ከተሳሳተ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ንግዱ ይበላሻል።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ሰምተን ሳይሆን በገዛ ቢሯችን ደርሶብን ነው። የደረሰውም ነገር ለሌሎች አስመጪዎችና ባለሱቆች ትምህርት እንዲሆን በማሰብ፣ ምድጃው የሚሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ ቀጥለን እናስረዳለን።

ነገሩ የተነሣበት ምክንያት

እኔ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን ከውጭ አገር ለሚያስመጡ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ደብዳቤ መጻፍ፣ ኢንቮይስና የጉምሩክ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ የዕለት ሥራዬ ነው። ማይክሮዌቭና ሃሎጅን ባንድነት የሚሠሩባቸው ምድጃዎች በመጡ ጊዜም በየሱቁ ከዕቃው ጋራ የሚቆመውን ካርድ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ቍጥሮች ተጽፈው ነበር፤ አንደኛው 1300 ዋት፣ ሁለተኛው 800 ዋት ይላል። እኔም ትልቁ ቍጥር ለሽያጭ ይበጃል ብዬ በካርዱ ላይ «የማብሰል ኃይል 1300 ዋት» ብዬ ጻፍሁ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከደንበኞቻችን አንዱ የሆነ ባለሱቅ ሦስት ምድጃዎች በመኪና ጭኖ መጣና ለአሠሪዬ፦ «ጋሼ፣ እነዚህን መልሰው ይረከቡኝ፤ ገዢዎቼ ሰላም ነሡኝ» አለ። በሁለቱ ላይ የቀረበው አቤቱታ ምግብ በሚበስልበት ጊዜ መብራቱ በትክክል አይሠራም፣ ሽቦው ሳይላላ አይቀርም የሚል ነበር። ሦስተኛውን የመለሱት አነስተኛ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ሲሆኑ፣ «1300 የተባለው ይህ ምድጃ እኅቴ ቤት ካለው 900 ያነሰ ይሠራል» ብለው ነበር።

አሠሪዬ ለፋብሪካው የክስ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ እኔም ሦስቱም የተበላሹ ናቸው ብዬ ጽፌ ለፊርማ አቀረብሁ። ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን መጥቶ፦ «መጀመሪያ መምሪያውን እናንብብ፤ ቀጥለንም ውሃ አሙቀን እንፈትን» አለን። በዚያ ከሰዓት በኋላ የተማርነው ከዚህ በታች የሚገኘው ነው።

ሁለት ዓይነት ሙቀት በአንድ ሣጥን

ይህ ምድጃ በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚሠሩ ሁለት የተለያዩ የማብሰያ መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ነው። የማይክሮዌቭ ምንጭ ማግኔትሮን የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር አገልግሎት የዋለ ነው። ሬይቲዮን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር ይህ ሞገድ ምግብ እንደሚያሞቅ እ.ኤ.አ. በ1945 ተገነዘበ፤ ኩባንያውም በ1947 ራዳሬንጅ የተባለውን ምድጃ ለንግድ አወጣ። ይህ የመጀመሪያው ምድጃ ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ነበር። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ራዳሬንጅ አማና በተባለው ስም በ495 ዶላር የተሸጠው በ1967 ነው።

የቤት ማይክሮዌቭ ሞገድ በሴኮንድ 2450 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞገዱ ወደ ምግቡ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ገብቶ በውስጡ ያለውን ውሃ ያሞቃል። ነገር ግን ምግቡ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ላዩ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም። ዳቦና ሥጋ ቀልተው መልካም መዓዛ የሚሰጡት ደግሞ ላያቸው ደርቆ 140 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ስለ ሆነ፣ በማይክሮዌቭ ብቻ የበሰለ ዶሮ የተቀቀለ እንጂ አሮስቶ አይመስልም።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ሁለተኛው መሣሪያ፣ የሃሎጅን መብራት ነው። እርሱም በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ያለ ከተንግስተን የተሠራ ክር ሲሆን፣ ቱቦው አዮዲን ወይም ብሮሚን በጥቂቱ የተጨመረበት ጋዝ ተሞልቶበታል። ክሩ ሲግል የሚተነው ተንግስተን በቱቦው ላይ ተለጥፎ እንዳያጠቍረው ይህ ጋዝ መልሶ ወደ ክሩ ይወስደዋል። ከመብራቱ ከሚወጣው ኃይል አብዛኛው በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ የሚባለው የሙቀት ጨረር ነው። ጨረሩ የምግቡን ላይ ያደርቃል፣ ያቀላል፤ ማይክሮዌቩም ውስጡን ያበስላል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሁለቱን አጋብቶ አድቫንቲየም የተባለውን ምድጃ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የማግኔትሮን ኃይል የሚመጠንበት መንገድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቍልፉ ላይ 5 የሚለውን ቍጥር ስንመርጥ የሞገዱ ጕልበት በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። በተለመደው ባለ ከባድ ትራንስፎርመር ምድጃ ግን እንዲህ አይደለም። ማግኔትሮን 4000 ቮልት ያህል ከፍተኛ ግፊት የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ ግፊቱ ከተወሰነለት መጠን ጥቂት ቢያንስ ሞገድ መስጠቱን ጨርሶ ያቆማል። ስለዚህ እንደ ቧንቧ ጥቂት በጥቂት ከመዝጋት ይልቅ ፋብሪካዎች ቀላሉን መንገድ መርጠዋል፤ ይኸውም ማግኔትሮኑን በሙሉ ኃይሉ ለተወሰነ ጊዜ ማሠራት፣ ቀጥሎም ጨርሶ ማጥፋት፣ ከዚያም እንደገና ማብራት ነው።

በከሰል ምድጃ የሚያበስል ሰው ይህን ነገር ሳይማር ያውቀዋል። እሳቱ እጅግ የበረታ እንደ ሆነ ከሰሉን መቀነስ አይመችምና ድስቱን ከእሳቱ ያወጣል፤ ጥቂት አቆይቶም ይመልሰዋል። እሳቱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ የተለወጠው ድስቱ በእሳቱ ላይ የቆየበት ጊዜ ነው። የምድጃውም ቍልፍ የሚመጥነው ጊዜን እንጂ የእሳቱን ብርታት አይደለም።

እኛ የፈተንነው ምድጃ ተራው 30 ሴኮንድ ነበር። በ5 ላይ ሲደረግ 15 ሴኮንድ ይሠራል፣ 15 ሴኮንድ ያርፋል፤ በ3 ላይ ሲደረግ 9 ሴኮንድ ሠርቶ 21 ሴኮንድ ያርፋል፤ በ10 ላይ ሲሆን ያለማቋረጥ ይሠራል። የተራው ርዝመት ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ይለያያል። በዕረፍቱ ጊዜም የውስጡ አነስተኛ መብራት፣ ማራገቢያውና የሚዞረው ሰሐን ሥራቸውን ስለማያቆሙ፣ ገዢው ማግኔትሮኑ መጥፋቱን አያስተውልም። በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ግን ማግኔትሮኑ ሲነሣ የምድጃው ድምፅ ሲወፍር ይሰማዋል።

ዕረፍቱ የባከነ ጊዜ አይደለም። ማይክሮዌቭ ፈሳሽ ውሃን ፈጥኖ ሲያሞቅ በረዶን ግን እጅግ በዝግታ ነው የሚያሞቀው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ሥጋ በሙሉ ኃይል ቢሞቅ ቀድሞ የቀለጠው ጠርዝ ሲበስል መካከሉ በረዶ ሆኖ ይቀራል። በዕረፍቱ ሴኮንዶች ሙቀቱ ከጠርዙ ወደ መካከሉ ስለሚሄድ ሥጋው እኩል ይቀልጣል።

ኢንቨርተር የሚባል ሌላ ዓይነት መሣሪያም አለ። በዚህ ዓይነቱ ምድጃ ከባዱ ትራንስፎርመር ቀርቶ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ ከፍ የሚያደርግ ረቂቅ መሣሪያ ስለ ገባበት፣ ኃይሉን ሳያቋርጡ በእርግጥ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ኃይሉ እጅግ ዝቅ እንዲል ሲፈለግ እርሱም እየቆመ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ክብደቱ ቀላል ስለ ሆነ ለጭነት ይመቻል፤ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ጥገናው ልዩ ዕውቀት ይጠይቃል።

መብራቱ ስለ ምን ይበራል፣ ስለ ምን ይጠፋል?

ባለሱቁ ካመጣቸው ሁለት አቤቱታዎች ለአንደኛው መልስ የሚሆነው ይህ ነው። የሃሎጅንም መብራት የሚመጠነው በአብዛኛው በዚሁ በተራ መብራትና መጥፋት ነው። የላይኛው መብራት፣ የታችኛው መብራትና ማይክሮዌቩ ለየራሳቸው ከ1 እስከ 10 ቍጥር አላቸው፤ ቍጥሩም ከዐሥር እጅ ስንቱን ጊዜ እንደሚሠሩ የሚያመለክት ነው። ከላይ ይበልጥ እንዲቀላ የሚፈለገው ምግብ የላይኛው ቍጥር ከፍ ይልለታል፤ ወፍራም ሥጋ ደግሞ እስከ መካከሉ እንዲበስል የማይክሮዌቩ ቍጥር ከፍ ይልለታል።

መብራቱን እንደ ሳሎን መብራት ማደብዘዝ ይቻል ነበር፤ እንዲህ የሚያደርጉ ፋብሪካዎችም አሉ። ነገር ግን የክሩ ግለት በቀነሰ ቍጥር የጨረሩ ዓይነትም ስለሚለወጥ፣ ምግቡን የሚያቀላበት መንገድ አንድ ዓይነት አይሆንም። በሙሉ ግለቱ እየበራ በሚጠፋ መብራት ግን ጨረሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚለወጠው ጊዜው ብቻ ነው።

ደግሞም የውስጡ ሙቀት ከተወሰነው በላይ ሲሆን የሙቀት መቈጣጠሪያው መብራቱን ያጠፋዋል፤ ሲቀዘቅዝም መልሶ ያበራዋል። ስለዚህ የመብራቱ መጥፋት ብቻውን የብልሽት ምልክት ሊሆን አይችልም።

አንድ ሌላ ነገርም ገዢዎችን ያስደነግጣል። የተንግስተን ክር ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከጋለበት ጊዜ ተቃውሞ ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት መብራቱ በሚበራባት ቅጽበት ከመስመሩ ብዙ ኃይል ስለሚስብ የቤቱ አምፖል ለጥቂት ጊዜ ፈዘዝ ሊል ይችላል። መብራቱ በተነሣ ቍጥር ይህ የሚደጋገም ሲሆን፣ የቤቱ ሽቦ ቀጭን በሆነበት ሥፍራ ይበልጥ ይታያል።

ሁለቱ ባንድነት ሲሠሩ

ማይክሮዌቩና መብራቱ ባንድነት በሚሠሩበት ጊዜ ሌላ ችግር ይመጣል፤ እርሱም የሶኬቱ አቅም ነው። ለምሳሌ ያህል ማይክሮዌቩ ከመስመሩ 1300 ዋት፣ የላይኛው መብራት 1000 ዋት፣ የታችኛው 500 ዋት የሚስቡ ናቸው እንበል። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ቢሠሩ 2800 ዋት ይሆናል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 13 አምፔር ይጠጋል። 10 አምፔር ብቻ የሚችል መስመር ከ2200 ዋት በላይ ስለማይሸከም ፊውዙ ይቃጠላል፤ አለዚያም ሶኬቱ ይግላል።

ስለዚህ ፋብሪካው ሥራውን በተራ ይከፋፍለዋል። ከ30 ሴኮንድ ውስጥ 15ቱን ማይክሮዌቩ ይሠራል፤ በቀረው 15 ሴኮንድ መብራቶቹ ይበራሉ። ለምግቡ የሚደርሰው ሙቀት የሁለቱ ድምር ሲሆን፣ ከመስመሩ የሚሳበው ግን በማናቸውም ቅጽበት ከተወሰነው መጠን አያልፍም። ይህ ዘዴ በተለይ ለአሜሪካው 120 ቮልት መስመር አስፈላጊ ነው፤ በዚያ ግፊት 15 አምፔር የሚሰጠው 1800 ዋት ብቻ ነውና። ገዢው ይህን ካላወቀ ማይክሮዌቩ በሚሠራበት ሰዓት መብራቱ መጥፋቱን አይቶ ምድጃው ተበላሸ ይላል።

የውሃ ፈተና

አሁን ወደ ሦስቱ ምድጃዎች እንመለስ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ያደረገው ፈተና ማናቸውም ባለሱቅ በሱቁ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሊትር ውሃ፣ ብረት የሌለበት የመስተዋት ዕቃ፣ የሙቀት መለኪያና ሰዓት ብቻ ነው። የብረቱ መደርደሪያ ይወጣል፤ ማይክሮዌቩ ብቻ በ10 ላይ ይደረጋል፤ የውሃው ሙቀት ይለካና አንድ ደቂቃ ይሞቃል፤ ከዚያም ተማስሎ እንደገና ይለካል። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈልገው ኃይል ለአንድ ደቂቃ ሲከፋፈል 70 ዋት ያህል ስለሚሆን፣ የጨመረውን ዲግሪ በ70 ማብዛት የምድጃውን ኃይል ይነግረናል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ በቍጥር 60705 የተደነገገው የፋብሪካዎች ፈተናም መሠረቱ ይኸው ነው፤ እርሱም 1000 ግራም ውሃ ከ10 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ ነው።

የወይዘሮዋን ምድጃ ስንፈትን ውሃው በአንድ ደቂቃ ከ19 ወደ 30 ዲግሪ ደረሰ። 11 ዲግሪ በ70 ሲበዛ 770 ዋት ነው። ይህም በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው 800 ዋት ብዙ አይርቅም። በዚያን ጊዜ ስሕተቱ የምድጃው ሳይሆን የኔ መሆኑን ተረዳሁ። 1300 ዋት ምድጃው ከመስመሩ የሚስበው ሲሆን፣ ወደ ምግቡ የሚደርሰው 800 ብቻ ነው፤ የቀረው በትራንስፎርመሩና በማግኔትሮኑ ሙቀት ሆኖ በማራገቢያው ይወጣል። የእኅታቸው ምድጃ 900 የተባለው ግን ወደ ምግቡ የሚደርሰው ኃይል ነበርና ወይዘሮዋ የተናገሩት ልክ ነበር።

ቀጥለን በ5 ላይ አድርገን ያንኑ ያህል ውሃ ለሁለት ደቂቃ አሞቅን፤ ጭማሪው 10 ዲግሪ ሆነ። ኃይሉ ግማሽ፣ ጊዜው እጥፍ ነውና 11 ይሆናል ብለን ጠብቀን ነበር። አንዲቱ ዲግሪ የጐደለችው ማግኔትሮን በተነሣ ቍጥር እስኪሞቅ ድረስ ሁለት ሴኮንድ ያህል ስለሚያባክን ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥም አራት ጊዜ ተነሥቶ ነበር። በዝቅተኛ ቍጥር የሚደረግ ፈተና ሙሉ ተራዎችን የያዘ መሆን እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ለ20 ሴኮንድ ብቻ ቢለካ ውጤቱ ያሳስታል።

መብራታቸው ካስከሰሳቸው ሁለቱ ምድጃዎች አንደኛውን ማይክሮዌቩን አጥፍተን መብራቱን ብቻ በ10 ላይ ስናደርገው፣ የላዩም የታቹም መብራት ሳይቋረጡ በሩ። በ3 ላይ ስናደርገው በሰዓት ቈጠርን፤ 9 ሴኮንድ በርቶ 21 ሴኮንድ ጠፋ። ይህ ምድጃ ምንም ነቀፋ የለበትም። በሁለተኛው ግን የላይኛው መብራት በ10 ላይ እንኳ ጨርሶ አልበራም፤ ክሩ ተበጥሶ ተገኘ። ገዢው በእውነት የተበላሸ ዕቃ ደርሶት ነበር።

ስለዚህ የጻፍሁት የክስ ደብዳቤ ተቀደደና በሌላ ተተካ። በሦስት ምድጃ ፋንታ አንድ የተበጠሰ መብራት ብቻ ጠየቅን፤ ፋብሪካውም መብራቱን ላከልን። ደኅና ምድጃዎችን ተበላሹ ብለን ብንከስ ኖሮ፣ ወደ ፊት በእውነት የተበላሸ ዕቃ ሲያጋጥመን ማን ያምነን ነበር? ለወይዘሮዋ አሠሪዬ ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ መለሱላቸው፤ «ዕቃው ደኅና ነው፤ ያልተስተካከለው ቃላችን ነው» ብለው ይቅርታም ጠየቁ። ወይዘሮዋ በመልካም ቃል አመስግነው ገንዘባቸውን ተቀበሉ፤ ሌላ ምድጃ ግን ከኛ አልገዙም። በየሱቁ የነበሩትን ካርዶች እኔው ራሴ ዞሬ ሰበሰብሁና እንደገና ጻፍኋቸው።

ስለ ቮልትና ስለ ሄርዝ

አስመጪው ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ሊመለከተው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ስለ ሆነ ለዚያ አገር የተሠራ ምድጃ እንዲሁ ቢሰካ መብራቱ ወዲያው ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩም ይበላሻል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ግን የሄርዙ ነገር ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ የመስመሩ ድግግሞሽ 60 ሄርዝ ነው። ከዚያ የሚመለሱ ወገኖቻችን ይዘውት የሚመጡት ምድጃ ቮልቱ ከኛ ጋራ የሚስማማ ስለሚመስል ያለ ጥርጣሬ ይሰካል። ነገር ግን ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ከባድ ትራንስፎርመር በ50 ሄርዝ ሲሠራ ከልክ በላይ ይግላል፤ የማይክሮዌቩም ኃይል ይቀንሳል። ሰዓቱን ከመስመሩ ድግግሞሽ የሚቈጥር ዓይነት ከሆነ ደግሞ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንድ ደቂቃ ተብሎ የተመደበውም ማብሰያ 72 ሴኮንድ ይሆናል። በዱባይ ገበያ ለአካባቢው የሚሸጠው ለ50 ሄርዝ የተሠራ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም፤ ሆኖም ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ለኛ ሶኬት ስለማይሆን በባለሙያ መለወጥ ያስፈልገዋል። ከሁሉም የሚሻለው ከምድጃው ጀርባ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ነው፤ «50/60» የሚል ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል።

የቮልቱም መውረድ መታሰብ አለበት። ግፊቱ ከ220 ወደ 200 ቢወርድ የሃሎጅኑ መብራት ኃይል ከመቶ 13 ወይም 14 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ በተለመደው ትራንስፎርመር የሚሠራው ማይክሮዌቭም እንዲሁ ይደክማል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ፣ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈው የማብሰያ ጊዜ ለቅቅል ምግብ ያንሳል። ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ ቢናገር «ምድጃው ደካማ ነው» የሚለው ወቀሳ አይደርስበትም።

ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚሰጥ ምክር

አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ እነዚህን ነገሮች ለይቶ ይጠይቅ፦ የመስመሩን ቮልትና ሄርዝ፤ ማይክሮዌቩ ከመስመሩ የሚስበውንና ወደ ምግቡ የሚያደርሰውን ዋት፤ የየመብራቱን ዋት፤ ሁሉም ባንድነት ሲሠሩ ከመስመሩ የሚሳበውን ከፍተኛ ኃይል፤ ማግኔትሮኑ በኢንቨርተር ወይስ በትራንስፎርመር የሚሠራ መሆኑን። ከዕቃውም ጋራ መለዋወጫ መብራቶችን ጨምሮ ይዘዝ፤ የመብራቱ ርዝመት፣ ቮልት፣ ዋትና የጫፉ አሠራር ካልተስማማ አይገጥምምና። መብራቱ ሲለወጥ ኳርትዙን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የጣት ቅባት በተነካው ሥፍራ ላይ በሙቀት ጊዜ ቱቦውን ያበላሸዋል።

ባለሱቁ ለገዢው ሲያሳይ መብራቱን በ10 ላይ፣ ቀጥሎም በ3 ላይ አድርጎ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ተራ ያሳይ፤ ያን ያየ ገዢ በማግሥቱ አቤቱታ ይዞ አይመለስም። በካርዱም ላይ ሁለቱንም ቍጥር ይጻፍ፤ አንደኛውን «ከመስመር የሚስበው»፣ ሁለተኛውን «ለምግቡ የሚያደርሰው» ብሎ ይለይ። ባዶውን ምድጃ በማይክሮዌቭ ማሠራት ማግኔትሮኑን ስለሚጐዳ ለማሳያም ቢሆን ውሃ ሳይገባበት አይሥራ።

ከሁሉ በላይ ግን ባለሱቅም ሆነ ገዢ የምድጃውን ሽፋን ከቶ አይክፈት። በውስጡ ያለው ካፓሲተር መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያበቃ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። የመሬት መስመር ሳይኖር ወይም በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ማሠራትም አደገኛ መሆኑን ለገዢው መንገር የሻጩ ግዴታ ነው።

እኔ ካርዱን ስጽፍ ትልቁን ቍጥር የመረጥሁት ገዢን ለማታለል አስቤ አልነበረም፤ የሁለቱን ቍጥሮች ልዩነት ስላላወቅሁ ነው። ለወይዘሮዋ ግን ልዩነት አልነበረውም፤ የሰጡት ገንዘብና የተቀበሉት ዕቃ አልተመጣጠነላቸውም። አዲሱ ካርድ ከወጣ ወዲህ በመብራቱ መጥፋት ምክንያት ወደ ቢሯችን የተመለሰ ምድጃ የለም። ትንሹ ቍጥር በካርዱ ላይ በመታየቱ ትተውን የሄዱ ገዢዎች ይኖራሉ፤ የገዙት ግን የገዙትን ዐውቀው ገዝተዋል።